ሰሜን የሚያይ ሳሎን፣ ነጭ ግድግዳ እና የኦገስት ስቱጋ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሚሚ_ስቶክሆልም፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ እዚ ስካንዲኔቪያ ያላችሁ እርዱኝ። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቀን በስማችን ኮንትራት ያለው ቤት ደረሰን ተመስገን ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊቱ ጫካ። ሳሎኑ ግን መስኮቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፣ ዲሴምበር ላይ ደሞ እንደምታውቁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የስዊድን ጎረቤቶቼ ቤት ስገባ ነጭ ግድግዳ፣ እንጨት፣ መስኮት ላይ ትንንሽ መብራት፣ ብዙም እቃ የለም ግን ደስ የሚል ሙቀት አለው። እኛ ትልቅ ቡፌ፣ ቡኒ ሶፋ፣ ወፍራም ቀይ መጋረጃ አለን፣ እናቴ የላከችልኝ መሶብና ረከቦትም አለ፣ እሱን መቼም አልደብቀውም። ሁሉንም ነጭ ማድረግ ግድ ነው ወይ? እንደ ሆስፒታል እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።
ሁለተኛ፣ ኦገስት ላይ ልጆቹን ይዘን ጫካ ውስጥ ስቱጋ (እዚ ለእረፍት የሚከራዩት ትንሽ የገጠር ቤት) መከራየት አምሮኛል፣ ባሌ ስፔን እንሂድ ይላል። መኪና የለንም። ምን ማወቅ አለብኝ?

ቀለም_ቀቢው፦
እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ። ዮተቦሪ ከተማ ነው ያለሁት፣ ስራዬም ቀለም ነው ስለዚ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። እዚ ሀገር ነጭ የሚቀቡት ለፋሽን ብቻ አይደለም፣ ክረምት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነው ምትሄደው፣ የምትገባውን ትንሽ ብርሃን ግድግዳው መልሶ ክፍሉ ውስጥ እንዲበትናት ነው። ግን ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም! በቀለም ኮድ ኤስ 0500-ኤን የሚባለው ነጭ ምንም ሌላ ቀለም የሌለበት ነው፣ ሰሜን የሚያይ ክፍል ላይ ሰማያዊ ግራጫ መስሎ ይቀዘቅዛል፣ አንቺ ሆስፒታል ያልሽው እሱን ነው። ኤስ 0502-ዋይ በይ፣ ስቶክሆልምስቪት ይሉታል፣ በጣም ትንሽ ቢጫ አለበት፣ ለእንደዚ አይነት ክፍል የተሰራ ነው ማለት ይቻላል። ልጆች ስላሉ ግላንስ (የማብለጭለጭ መጠን) 7 ውሰጂ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ኮርኒሱን ግን ምንም በማያብለጨልጭ። ኪራይ ቤትም ቢሆን በራስሽ ወጪ መቀባት መብትሽ ነው፣ ብቻ ስራው ንፁህ ይሁን።
ከቀለም በላይ ግን መብራት ነው። እኛ ሀበሾች ኮርኒስ መሀል አንድ ኃይለኛ አምፖል እናበራና ጨረስን፣ እነሱ ግን አንድ ሳሎን ውስጥ አምስት ስድስት ደካማ መብራት በየጥጉ ዝቅ አርገው ነው ሚያስቀምጡት፣ አምፖሉም 2700 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለ። ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚሰቀለውን ከጠረጴዛው 60 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ አርጊው። ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲደክም የነበረው ለዚሁ ነው፣ በ1958 የወጣው ፒኤች 5 የሚባለው መብራት ከየትኛውም ወንበር ብታዪው አምፖሉ ዓይንሽን አይወጋም። አዲሱ ውድ ነው፣ ያገለገለ እቃ የሚሸጥበት ብሎኬት ድረ ገፅ ላይ ወይም ሎፒስ (የአሮጌ እቃ ገበያ) ፈልጊ።
ወፍራሙን መጋረጃ አውርጂው በስስ የሊኖ ጨርቅ ቀይሪው። ቡፌውን አትጣይ፣ እንጨቱ ጥሩ ከሆነ መስታወቱን አፅድተሽ ግማሹን እቃ አውጪለት፣ እቃ ሲቀንስ እሱ ራሱ ጎልቶ ይታያል። መሶቡማ የክፍሉ ጌጥ ነው፣ ነጭ ግድግዳ ስር ብቻውን አስቀምጪውና እዪው።

ፅጌ_ኖርዌይ፦
እኔ ከኦስሎ ነኝ፣ የቀለም ቀቢውን ሀሳብ እደግፋለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ የነሱን ቤት በደንብ የገባኝ ተራራ ላይ ሂተ (የእንጨት ጎጆ) ውስጥ ካደርኩ በኋላ ነው። ቀለም ያልነካው የጥድ ጣውላ፣ የእንጨት ምድጃ፣ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ መስኮት፣ በቃ። ሌላው ሁሉ ውጪ ነው ያለው፣ ከተማ ያለውም ቤት ያንን ነው ሚከተለው። ኖርዌይ መምጣት ከፈለጋችሁ ዴኤንቴ የሚባል የተራራ ተጓዦች ማህበር አለ፣ ከ1868 ጀምሮ ያለ፣ ከ500 በላይ ሂተ አለው፣ ሠራተኛ የሌለባቸውን ብዙዎቹን አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው ሚከፍታቸው፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ምግብ ተደርድሯል፣ የወሰድሽውን መዝግበሽ ትከፍያለሽ። ልጆቼ መተማመንን ያዩት እዛ ነው፣ በጣም ነው ምወደው። በ1957ቱ የኖርዌይ ሕግ ድንኳን ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር ርቀሽ መትከል ትችያለሽ። ብቻ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥ እሳት ክልክል ነው።

አባ_እንጉዳይ፦
ሚሚ፣ መኪና ከሌላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ትሬስታ ብሔራዊ ፓርክ ከስቶክሆልም 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በአውቶቡስ ትደርሻለሽ፣ ሰው ያልቆረጠው የጥንት ጫካ ነው፣ 400 ዓመት የሞላቸው ጥዶች አሉበት። መጀመሪያ ልጆቹን ለቀን እዛ ውሰጃቸው፣ ከወደዱት ከዛ ስቱጋ ተከራዩ፣ የስቶክሆልም ደሴቶች ላይም ቢሆን በመርከብ ይኬዳል። ኦገስት ብሎቤር (የዱር ፍሬ) እና ካንታረል (ቢጫ እንጉዳይ) አለ፣ አልማንስሬተን (ማንም ሰው ተፈጥሮ ውስጥ የመዘዋወር መብት) ስላለ ማንም አይከለክልሽም፣ ከ1994 ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ የሰው ግቢና እርሻ ብቻ አትርገጡ። ፓርክ ውስጥ ግን ደንቡ ይጠብቃል፣ ድንኳንም እሳትም የተፈቀደ ቦታ ብቻ። በደንብ የማታውቁትን እንጉዳይ በፍፁም አትብሉ።
ስቱጋ ስትከራዪ አንሶላና ፎጣ ብዙ ጊዜ ራስሽ ነሽ ምትይዢው፣ ስትወጪም አፅድተሽ ነው። ውሃ ውስጥ ድረስ ይገባል ወይ፣ ሽንት ቤቱስ ውጪ ነው ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ አትክፈዪ። ከሁሉ በላይ መዥገር! የቴቤኤ (መዥገር የሚያስተላልፈው የአንጎል በሽታ) ክትባት አሁኑኑ ጀምሩ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሀል ከ1 እስከ 3 ወር ስለሚያስፈልግ ለኦገስት የሚደርሰው አሁን ከተጀመረ ነው። ቦሬሊያን (ሌላውን የመዥገር በሽታ) ግን አይከላከልም፣ ስለዚ ማታ ማታ የልጆቹን ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ጆሮ ጀርባ እዪ።

ሚሚ_ስቶክሆልም፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! መጋረጃውን ዛሬውኑ አውርጄዋለሁ፣ ገና ሳይቀባ ክፍሉ ሰፋ። ባሌም የአባ እንጉዳይን አንብቦ እሺ እንሞክረው አለ። አንድ ነገር ቀረ፣ ስቱጋው ውስጥ ቡና ማፍላት እንዴት ነው? ከሰልና እጣን ሳልይዝ አልሄድም።

አባ_እንጉዳይ፦
ቡናውን አፍዪ፣ ከሰሉን ግን ቤት ውስጥ በፍፁም! እነዚ ቤቶች ለብርድ ብለው ጥርቅም ተደርገው ነው የተሰሩት፣ የከሰል ጭስ ሽታው ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ቤቱን ሞልቶ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ጀበናውን ምድጃው ላይ ጣጂው፣ እጣኑን በረንዳው ላይ፣ እዛም ቢሆን የእሳት ክልከላ ታውጆ እንደሆነ መጀመሪያ የኮሙዩኑን (የአካባቢውን አስተዳደር) ድረ ገፅ እዪ። ውስጥ ያለውን የጭስ መጠቆሚያም ለእጣን ብላችሁ እንዳትነቅሉት አደራ።