በናፍጣ ታንከራችን ውስጥ ውሃ የሚገባው ከየት ነው?

ጣና ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከሐይቁ 60 ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያችን መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ጄኔሬተር አለን። ናፍጣውን የምናስቀምጠው በግቢው ጥግ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ በቆመ 1000 ሊትር በሚይዝ የብረት ታንከር ሲሆን በወር ወደ 80 ሊትር እንጠቀማለን። ከሰኔ ወዲህ ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ድምፁ ይዋዥቅና ይጠፋል። ፊልትሮው ሲፈታ ውሃና የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ዝቃጭ ተገኘበት፤ በአዲስ ከተካነው በኋላም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ነገር ተደገመ። ማደያው ውሃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሸጦልን ይሆን ወይስ ጥፋቱ የታንከራችን ነው? ባለቤቴ ደግሞ ታንከሩን ከፀሐይና ከሌባ ለመጠበቅ መሬት ውስጥ እንቅበረው ይላል። የምታውቁ ብትመክሩን ውለታችሁ አይረሳም።

የሞተር ባለሙያ፦
እህቴ፣ ማደያውን ከመውቀስዎ በፊት ቀላል ሙከራ ያድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ናፍጣ ሲመጣልዎት ወደ ታንከሩ ከመገልበጡ በፊት በንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ ጥቂት ይቅዱ፤ በሌላ ፕላስቲክ ደግሞ ከታንከሩ ወለል ይቅዱና ሁለቱንም ሳያንቀሳቅሱ ያሳድሯቸው። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይተኛል። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ሁለተኛው ከተለያየ ውሃው የመጣው ከታንከሩ ነው ማለት ነው።

እኔ የምጠረጥረው ታንከሩን ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንከር ይተነፍሳል፦ ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ በመተንፈሻው ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሐይቁን እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። መተንፈሻው ወደ ላይ የተከፈተ ከሆነ የክረምቱ ዝናብ ይጨመርበታል። ጥቁሩ ዝቃጭ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ወሰን ላይ እየበዙ ናፍጣውን የሚመገቡ ረቂቅ ሕዋሳት የሚፈጥሩት ነው፤ የሚያመነጩት አሲድም የታንከሩን ወለል ይበላል። ይህን በቸልታ አይለፉት፤ የሞተሩ ናፍጣ መርጫ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ፣ ውሃ ሲደርሰው የሚፋተጉት ክፍሎቹ ይበላሻሉ፤ የእርሱ ጥገና ደግሞ ከብዙ ፊልትሮ ዋጋ ይበልጣል። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ትንሽ እንዲያዘነብል፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቧንቧም ከወለሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲነሳ ያድርጉ።

ከማሳቹሴትስ ተመላሽ፦
ማሳቹሴትስ ስኖር ቤታችን የሚሞቀው በዘይት ማንደጃ ነበር፤ ነዳጁም የናፍጣ የቅርብ ዘመድ ነው። ምድር ቤት የነበረው ታንከራችን 275 ጋሎን፣ ማለትም 1040 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ባለሙያ መጥቶ ፊልትሮውንና የነዳጅ መርጫውን አፍንጫ ይቀይራል፤ ጥላሸቱንም ይጠርጋል። ነዳጅ ሲሞላ በመተንፈሻው ላይ ያለው ፉጨት ይሰማል፤ ፉጨቱ ሲቆም ታንከሩ መሙላቱ ይታወቃል። ከተሞላ በኋላ የተበጠበጠው ዝቃጭ እስኪሰክን ድረስ ማንደጃውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት አናስነሳውም ነበር፤ እርስዎም ለጄኔሬተሩ ይህን ልማድ ቢይዙት ይጠቅምዎታል።

እዚያ የሚሰጠው ምክር ሥራ በሌለበት ወቅት ታንከሩን ሞልቶ ባዶ ቦታ ማሳጣት ነው፤ ለእርስዎ ግን ይህ እንዳለ አይሠራም። በወር 80 ሊትር እየተጠቀሙ 1000 ሊትር ቢሞሉ የመጨረሻው ናፍጣ ከዓመት በላይ ይቀመጣል፤ ናፍጣ ደግሞ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ስለዚህ 300 ሊትር የሚይዝ ታንከር አሠርተው ዘወትር ወደ ሙሉ ተጠግቶ እንዲቆይ ማድረግ የተሻለ ይመስለኛል።

ግንበኛው፦
መቅበሩን አልመክርም። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ በዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃም ይነሣል። የተቀበረ ታንከር ባዶ ሲሆን ውሃው ወደ ላይ ገፍቶ ሊያነሣውና ቧንቧዎቹን ሊሰብር ይችላል፤ ቢያፈስም የጉድጓድ ውሃችሁ እስኪሸት ድረስ አታውቁትም። ከላይ ጣሪያ ሥሩለት፤ ለሌባው ቁልፍ ይበቃል። ከሥሩ ደግሞ ታንከሩ የሚይዘውን ሁሉና በላዩ የዚያኑ አንድ አሥረኛ ጨምሮ የሚይዝ የግንብ ገንዳ ይኑረው።

ጣና ዳር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙከራውን አደረግን፦ ከማደያው የመጣው ጥርት ያለ ሲሆን ከታንከሩ ወለል የተቀዳው ሁለት ጣት ውሃ አጠራቀመ። ያላግባብ የጠረጠርኩት ማደያ ይቅር ይበለኝ። የመተንፈሻው ክዳን ተሰብሮ አፉ ለዝናብ ክፍት ሆኖ አገኘነው። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ 14 ሊትር ያህል ውሃና ዝቃጭ አስወጣን። ይህን የት እንድፋው? ትንሹን ታንከርስ ከምን ላሠራው?

የሞተር ባለሙያ፦
ወደ ቦይ እንዳይደፉት፤ ቦዩ የሚወርደው ቆሮሶና አምባዛ ወደሚጠመድበት ሐይቅ ነው። በክዳን ጀሪካን አስቀምጠው ያቆዩት፤ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ቢያስረክቡት ይሻላል። ትንሹን ታንከር በተራ ብረት ያሠሩት፤ ውስጡ ዚንክ የተለበጠ እንዳይሆን በያጁን ያሳስቡት፤ ዚንክ ከናፍጣ ጋር ሲቆይ ፊልትሮ የሚዘጋ ዝቃጭ ይፈጥራልና። አሮጌውን ታንከርም ለውሃ ማጠራቀሚያ ለማንም አይስጡ፤ ቢታጠብም ናፍጣው ከብረቱ አይለቅም።