ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው፣ ውሻችንን ምን እናድርገው?

የመቻል አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮተቤ ግቢ ቤት ተከራይተን ስድስት ዓመት ኖርን። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶን በሁለት ሳምንት ልንገባ ነው። አራተኛ ፎቅ። ጭንቀቴ መቻል ነው። (ስሙን ያወጣንለት አከራያችን ኪራይ የጨመሩብን ሰሞን ነው።)

መቻል ግቢ የሚውል ውሻ አይደለም። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት በር ድረስ ሸኝቶ ሥጋ ቤቱ ጋ ጎራ ይላል። እዚያ "አለቃ" ነው የሚሉት።

ዓምና፣ በ2017፣ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ እኛም ቤት ሽሮ ነው። መቻልን በፉርሽካ ይዘነው ይከሳል ስንል ጭራሽ ወፈረ! ማታ ሲመጣም ዕጣን ዕጣን ይሸታል። አንድ ቀን ተከተልኩት። የመግሪብ አዛን ሲል ጆሮውን አቁሞ ተነሳ። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ጎረቤታችን ሐጂ በር ላይ ቁጭ አለ። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ሳህን ለብቻው ተቀምጦለታል። የሐጂ ባለቤት አጥንት ጣል አድርገውለት ዞር ሲሉ አዩኝ። "ውይ፣ ያንተ ነው እንዴ? እኛ እኮ ቡቺ ነው የምንለው!"

ከሐጂ ጋር በፍሳሽ ውሃ ተኳርፈን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። በዚያው ቡና ተጠራሁ። አሁን ለኢድም ለፋሲካም ዳቦ ይመላለሳል። ሥጋ እንኳ አንበላላም። የሁለታችንንም የሚበላው መቻል ብቻ ነው።

ይዘነው እንሂድ ወይስ ለእነሱ እንተወው? ልጄ ሳታለቅስ አትተኛም።

የሰሚቷ፦
እኔ ሦስተኛ ፎቅ ይዤ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሰው ደረጃ በወጣ ቁጥር ይጮሃል። ኮሚቴው ሁለቴ ጠርቶኛል። ሰፈር የለመደ ውሻ ፎቅ ላይ እስረኛ ነው፣ ተወው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
ብትተወውም ባትተወውም የእብድ ውሻ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ። ካርዱንም ለሚረከበው ሰው ስጥ። ልጆች ካሉ ደግሞ ንገራቸው፦ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ፌጦ ምናምን አያዋጣም።

ቀልደኛው፦
እኛን ትጠይቃለህ፣ ሐጂን ጠይቀሃቸዋል?

የመቻል አባት፦
ቀልደኛው፣ ልክ ነህ፣ ጠየቅኳቸው። ሐጂ ሳቁ። "ቤት ውስጥ አላስገባውም፣ በሩ ላይ ግን መቼ ጠፍቶ ያውቃል?" አሉኝ። ልጃቸው በማግስቱ ከአሮጌ ጣውላና ቆርቆሮ ቤት ሠራለት።

ቅዳሜ ዕቃ ጫንን። መቻል አይሱዙው ላይ ዘሎ ፍራሹ ላይ ተጋደመ፣ አልወርድም አለ። ልጄ "በቃ መርጧል!" ብላ ጨፈረች። እኔም ልቤ ተከፈለ፣ ልሸነፍ ምንም አልቀረኝም። ገመድ ስናስር መሸብን። አዛን አለ። መቻል ጆሮውን አቆመ፣ እኛን አየን፣ ዘሎ ወረደ።

ካርዱን ለሐጂ ልጅ ሰጥቻለሁ። ክትባቱ የሚታደሰው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ እኔው መጥቼ አስከትበዋለሁ።