ሃርሞኒካው ላይ የተነቀለው ፔዳል

የለቡ ልጅ፦ ቅዳሜ እዚህ ለቡ በነበረው ፕሮግራም ልጁ ሃርሞኒካውን እየነፋ ገና አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ሳውንድ ማኑ መጥቶ ድምፅ የሚቀይሩትን፣ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎቹን ነቅሎ ማይኩን ቀጥታ ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ላይ ሰካበት። ለምን ሲባል «ሃርሞኒካ በራሱ ድምፅ ይሰማ» አለ። እሱስ እሺ፣ እኔን ያናደዳችሁኝ እዚህ ግሩፕ ውስጥ «ደግ አደረገ» ብላችሁ የጻፋችሁት ናችሁ። የራሱ ድምፅ የምትሉት የቱን ነው? ልጁ የያዘው ክሪስታል ቡሌት የሚባለው የሃርሞኒካ ማይክ እኮ ነው፣ ሃይ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ከሚክሰር መግቢያ ጋር የማይስማማ፣ ሚክሰር ላይ ቀጥታ ስትሰካው ቤዙ ይጠፋና ቀጭን ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ብቻ ነው የሚቀረው። ስንሰማ ያመሸነው ያንን ነው።

ሰበታ ሳውንድ፦ ደግ አደረገ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ማይክ በሁለት እጅ ታፍኖ የጊታር ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል) ሲጨመርበት ሞንታርቦው ማፏጨት ይጀምራል፣ ያኔ የሚሰደበው ነፊው አይደለም፣ እንደ እኔ ያለው ሳውንድ ማን ነው። ሃርሞኒካ ድምፅ አለው፣ በራሱ ድምፅ ይነፋ።

የለቡ ልጅ፦ ያፏጫል ማለት ሌላ፣ የራሱ ድምፅ ማለት ሌላ። አንዱን ምረጥ።

አያት 49፦ ወንድሜ ሰበታ፣ የብሉዝ ሃርሞኒካ ነፊው ሊትል ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ ላይ በማይክና በአምፕ (በድምፅ ማጉያ) ነፍቶ ያስቀዳው ሙዚቃ በአሜሪካ የአርኤንድቢ ሙዚቃ ሰንጠረዥ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ያ ሻካራ ድምፅ አምፑ ሆን ተብሎ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ የመጣ ነው፣ ዛሬ ብሉዝ ሃርሞኒካ ሲባል ጆሯችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። በራሱ ድምፅ ይሰማ ብለህ እሱንም ልትነቅለው ነው?

የኮተቤ አዛውንት፦ ልጆች፣ ዋልተርን የምትጠሩት ለራሳችሁ ስትሉ ነው። ዋልተር እግሩ ስር ፔዳል አልነበረውም። ማይክ፣ አምፕ፣ እጅ፣ ጉሮሮ፣ አለቀ። እጁን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ነው ድምፁ የሚደምቀውና የሚደበዝዘው። አሁን ከንፈሩ ሳይጠና አራት ፔዳል የሚደረድር ልጅ በዝቷል። አንድ ኖታ አጥርቶ ቤንድ ማድረግ፣ በትንፋሹ ማጠፍ፣ ያልቻለ ሰው ያንኑ ኖታ በወፍራም ድምፅ በሚደርብ ኦክታቭ ፔዳል ቢያወፍረው የሚወፍረው ስህተቱ ነው።

አያት 49፦ ጋሼ፣ ከንፈር ይቅደም ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ሸክላው ላይ የሚሰማው ኤኮ ከዋልተር ጉሮሮ አልወጣም፣ ሲቀዳ የተጨመረ ነው። ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይ ፔዳልም የሚሰራው ያንኑ ነው። ለስቱዲዮ የተፈቀደ ለመድረክ ለምን ይከለከላል?

ክራር ከካራ፦ ክራር ላይ ፒክአፕ (ድምፁን ወደ አምፕ የሚወስድ ዕቃ) ስንገጥም ይሄንኑ «የራሱ ድምፅ» ስንባል ኖረናል፣ አሁን ያለ አምፕ የሚጠራን ሰርግ የለም። ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያንስ ረሳችሁት? እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ሙግ ከሚባል ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ ከሚፈጥር ኪቦርድ) ጋር አዋህዶ ሰርቷል። አኮርዲዮንና ሃርሞኒካ ዘመድ ናቸው፣ ሁለቱም አየር በሚያርገበግበው ሪድ (ቀጭን የብረት ምላስ) ነው የሚጮሁት።

ሰበታ ሳውንድ፦ ኃይሉ አኮርዲዮኑን ዲስቶርሽን ውስጥ አልከተተውም፣ ከጎኑ ሲንተሳይዘር አቆመ እንጂ። አኮርዲዮኑ በራሱ ድምፅ ነው የሚሰማው። የመሰከርከው ለእኔ ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶ፦ ስለ ማፏጨቱ እስካሁን መፍትሄ ያወራ የለም። ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ የድሮ ዓይነት አምፕ) ያላችሁ 12ኤኤክስ7 የምትባለውን የመጀመሪያዋን ቲዩብ አውጡና 12ኤዩ7 የምትባለውን ክተቱበት፣ የማጉላት አቅሙ ከ100 ወደ 20 ገደማ ስለሚወርድ ሳያፏጭ ቮልዩም ትጨምራላችሁ። ሃይ ጌይን የሚባለውን ከባድ ዲስቶርሽን ተዉት፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ በሚያመጣጥነው ኢኪው ፔዳል ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ቀንሱ፣ ዲሌይ ትንሽ፣ ከዛ አምፑ ፊት ማይክ ይቁምና ሳውንድ ማኑ ያንን ይውሰድ። ደግሞ ሁሉም ዜማ አንድ አይደለም። ቾርድ (ብዙ ኖታ በአንዴ) ስትነፉ ዲስቶርሽን ኖታዎቹን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፣ ይጨቀያል፣ ትዝታ ግን አንድ አንድ ኖታ እየሳባችሁ ስትሄዱ ቀለል ያለ ዲስቶርሽን በደንብ ይሸከማል። አንቺሆዬንም በዚሁ ነው የምነፋው።

ሰበታ ሳውንድ፦ ቲዩብ ከየት አግኝተሽ ነው የምትቀይሪው እህቴ? እዚህ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለት ነው፣ እሱንም 120 ቮልቱን 220 ላይ ሰክቶ ያቃጥለዋል።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶ፦ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛላ! አምፕ የሚያቃጥል ሰው ስላለ ነው የልጁ ፔዳል የተነቀለው?

የለቡ ልጅ፦ ወደ ቮልት አትውሰዱብኝ። ልጁን አንድ ቃል ሳያናግረው ነው የነቀለበት፣ ፔዳሎቹ ደግሞ አላፏጩም፣ እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። አንድ ዲሌይና አንድ ኢኪው ነው የነበረው፣ ዲስቶርሽን የሚባል አልነበረም።

የኮተቤ አዛውንት፦ መጠየቅ ነበረበት፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ፔዳሉ ላይ ግን ያልኩትን ብያለሁ።

ሰበታ ሳውንድ፦ ዘፈን እየሄደ ሳውንድ ማን መድረክ ላይ ወጥቶ ፈቃድ ይጠይቅ?

የለቡ ልጅ፦ ሳውንድ ቼክ ለምንድነው የሚደረገው ታዲያ? ልጁ 10 ሰዓት መጥቶ ሲጠብቅ ነበር፣ ሚክሰሩ የተከፈተው ሰው ከገባ በኋላ ነው።

ሰበታ ሳውንድ፦ እሱን አዘጋጁን ጠይቅ፣ ጄኔሬተር ዘግይቶ ነው የመጣው።