አላሜዳ መንገድ ላይ የነበረው የሳውዝ ሴንትራል እርሻ፦ እውነተኛ ታሪኩን የሚያውቅ አለ?

ሸገር_በኤልኤ
ሰላም ወገኖች። የምሠራው ሎስ አንጀለስ አላሜዳ መንገድ አካባቢ ነው፣ መጋዘንና ከባድ መኪና የሞላበት ሰፈር። አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ ሰውዬ አለ፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ በ41ኛው መንገድ በኩል ስናልፍ «እዚህ በቆሎ ነበረኝ» ይለኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሳጣራ ለካ እውነትም መሃል ከተማ 14 ኤከር እርሻ ነበር፣ የሰፈሩ ሰው ራሱ የሚያስተዳድረው። ግን ግማሹ ጸሐፊ «ስግብግብ ባለሀብት ድሆችን አፈናቀለ» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «በሰው መሬት ላይ በነፃ ተቀምጠው አንወጣም አሉ» ይላል። የቱ ነው ትክክል? ከተማው ቦታውን ከሰጣቸው እንዴት ተመልሶ የግል ሆነ?

የድሮ_ነዋሪ
ወንድሜ፣ ሁለቱም ወሬ ጎደሎ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከእርሻው በፊት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዝልኝ።)

በ1986 ከተማው እዚያ ቦታ ላይ ቆሻሻ ማቃጠያ ልሥራ ብሎ ተነሳ። መሬቱን «ለሕዝብ ጥቅም» በሚለው ሕግ በግዴታ ወሰደ፣ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ። እኛ አገር የልማት ተነሺ የምንለው ዓይነት ነው፣ እዚህ ግን የተነሳው ባለሀብት ነው። አብዛኛው መሬት ራልፍ ሆሮዊትዝ የሚባል ሰውዬና የሸሪኮቹ ነበር። ስሙን ያዝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

ማቃጠያው አልተሠራም። የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ጭሱን ለምን እኛ ላይ ብለው ተደራጁ። በ1987 ከንቲባው ቶም ብራድሌይ ዕቅዱን ተዉት። መሬቱ ጦሙን አደረ። ከዚያ ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር የደበደቡት ፖሊሶች ነፃ ሲባሉ የ1992ቱ ሁከት መጣ፣ ሰፈሩ ሳውዝ ሴንትራል ነደደ፣ ሱቁም ተዘጋ። በ1994 ከመንገዱ ማዶ ያለው የምግብ ባንክ፣ ለችግረኛ ምግብ የሚያከፋፍለው ድርጅት ማለቴ ነው፣ ሰዎች አትክልት እንዲያለሙበት ፈቃድ አገኘ።

መሬቱን ያቀኑት ግን ቤተሰቦቹ ናቸው። ወደ 350 ቤተሰብ፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ እያንዳንዱ የራሱን መደብ ይዞ። በኋላ በስብሰባ እየመከሩ፣ መሪ እየመረጡ ራሳቸው ያስተዳድሩት ጀመር። እንደዚህ እያለ በ2003 ከተማው መሬቱን ለዚያው ለሆሮዊትዝ ሸጠለት፣ በ5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ! ከ17 ዓመት በኋላ በዚያው ዋጋ ማለት ነው። እኔን እስከዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ሕግ_አዋቂ_ነገር
@የድሮ_ነዋሪ ንዴትህ ይገባኛል ግን አንድ ነገር ዘለልክ። መሬቱ ሲወሰድ፣ ከተማው በ10 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት ላልሆነ ነገር የሚሸጠው ከሆነ ቅድሚያ ለሰውዬው እንዲያቀርብለት ስምምነት ነበር። በ1994 ከተማው መሬቱን ለራሱ የወደብ መሥሪያ ቤት አዛወረው። ሆሮዊትዝ በኋላ መብቴ ተጥሷል ብሎ ከሰሰ። ከተማው ተከራክሮ ከመጨረስ ይልቅ በዝግ ስብሰባ ተስማማና ሸጠለት። ስለዚህ ሰውዬው ከሜዳ ተነስቶ የመጣ አይደለም። ለእኔ ዋናው ጥፋተኛ ከተማው ነው፦ በግዴታ ወሰደ፣ ላሰበው ነገር አላዋለውም፣ ሌላ ሰው ዓመታት እንዲለፋበት አደረገ፣ ከዚያ የሚለፋውን ሰው ሳይጠይቅ ሸጠ።

የገበሬዎቹ ችግር ደግሞ ወረቀቱ ነው። የነበራቸው ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ የሚሰረዝ ጊዜያዊ ፈቃድ ነበር፣ ያውም በምግብ ባንኩ ስም። ዛፍ እንኳ የተከሉበት መሬት ላይ በሕግ ፊት እንግዳ ነበሩ። ፍርድ ቤት ሄደው በ2004 ማስወጣቱን ለጊዜው አሳገዱ፣ በ2005 ይግባኝ ሰሚው ፈረደባቸው። ሆሮዊትዝ ሽጥልን ካላችሁ 16.3 ሚሊዮን ዶላር አምጡ አለ። በ5 የገዛውን ማለት ነው። በ2006 አነንበርግ ፋውንዴሽን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊደግፋቸው ገንዘብ ይዞ ሲቀርብ ደግሞ ቀነ ገደቡ አልፏል፣ አልሸጥም አለ። ገበሬዎቹና ደጋፊዎቻቸው ባደረጉበት ሰልፍም በጣም ተቀይሞ ነበር።

እማማ_ጓሮ
የማስወጣቱ ቀን ትዝ ይለኛል፣ ጁን 13, 2006፣ ቲቪው ሁሉ ያንኑ ነበር የሚያሳየው። ሸሪፎቹ ማለዳ ገቡ፣ ከ40 በላይ ሰው ታሰረ፣ ተዋናይዋ ዳሪል ሃና ዋልነት ዛፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ በእሳት አደጋ መሰላል ነው ያወረዷት። ካሜራው ሁሉ እሷ ላይ፣ ገበሬዎቹ ዳር ላይ። በሚቀጥለው ወር ቡልዶዘር ገባ።

እኔ ከዚያ በፊት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር እየሄድኩ አይቼዋለሁ። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ሸንኮራ። ቁልቋል በረድፍ ተክለው ቅጠሉን እሾሁን ፍቀው ይበሉታል! እኛ በለሱን በልተን የምናልፈውን። ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠል ያላቸው እናቶችም ነበሩ፣ ልክ እንደኛ ዳማከሴና ጤናዳም። ስሙን እየነገሩኝ ረሳሁት እንጂ።

ግን እንደ መላእክት አድርገን አንሣላቸው። እርስ በርስም ተጣልተዋል፣ መሪዎቹ መደባችንን ቀሙን ያሉ ነበሩ። ከጥቁሮቹ ጋርም ቅሬታ ነበር። ያ ማቃጠያውን ያስቆመው የሰፈር ማኅበር ኋላ ላይ ከእርሻው ጋር አልቆመም። በ2003ቱ ስምምነት ሆሮዊትዝ 2.7 ኤከር ለኳስ ሜዳ እሰጣለሁ ብሎ ነበርና ማኅበሩ የፈለገው ሜዳውን ነው። የሰፈሩ ልጆች መጫወቻ የላቸውም ሲሉ ውሸት አልነበረም። ሁለት ድሃ ሕዝብ አንድ ቁራሽ መሬት ላይ ሲፋጠጥ ማየት ያማል። ከተማው ዳር ቆሞ ያያል።

ሸገር_በኤልኤ
እናመሰግናለን፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ የት ገቡ? እርሻውስ አለ?

የድሮ_ነዋሪ
ተበተኑ። የተወሰኑት ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር በኤሌክትሪክ መስመር ሥር የተሰጠ ቦታ ላይ መደብ አገኙ፣ ስታንፎርድ አቫሎን ይባላል። ሌሎቹ ተደራጅተው ከቤከርስፊልድ ከተማ ወዲያ «በተንዊሎው» በምትባል የገጠር ቦታ መሬት አገኙና ያለ ኬሚካል እያመረቱ በሳጥን አድርገው ሎስ አንጀለስ ይሸጡ ጀመር። ግን ከሁለት ሰዓት በላይ መንዳት ነው። ሳውዝ ሴንትራል እያሉ ከሥራ መልስ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት፣ ልጅ አስከትለው። ለአዛውንቶቹ በተንዊሎው ማለት ሌላ አገር ነው። የ41ኛው መንገድ ቦታ ደግሞ ሰዎቹን እንደዚያ አጣድፈው ካስወጡ በኋላ ለዓመታት በአጥር ተከልሎ አረም አበቀለ።

ቄራ_ልጅ
ስታነቡት አዲስ አበባ ትዝ አላላችሁም? በቄራ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ ወንዝ ዳር በደርግ ጊዜ በማኅበር የተደራጁ አትክልተኞች ጎመንና ሰላጣ ያለሙ ነበር። እነሱም የወንዙ ውሃ ቆሻሻ ነው እየተባሉ፣ መሬቱ ለሌላ ተፈለገ እየተባሉ ኖረዋል። @ሕግ_አዋቂ_ነገር ያልከው የወረቀት ነገር እዚያም ያው ነው። በዚህ ላይ የሚያውቅ ካለ ሌላ ርዕስ ይክፈት፣ እኔ እሳተፋለሁ።

ሕግ_አዋቂ_ነገር
ክፈተውና እመጣለሁ። ዋትስ ያለውን መጎብኘት ለምትፈልጉ ግን ሰዎቹ መደባቸው ላይ ሥራ ላይ ናቸው፣ ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ።