የኪሮሽ ኦክቶፐስ፦ ጭንቅላቱ መሙያውን ያሳያል፣ እግሮቹ አይጠቀለሉም

ሰማያዊት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ኦክቶፐስ በኪሮሽ እየሠራሁ ነው፤ ክብ ጭንቅላትና ስምንት የሚጠቀለሉ እግሮች ያሉት ዓይነት። ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ነው። መጠቅለያው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚል ኪሮሹንም 4 ነው የያዝኩት። በመነሻ ቀለበት (ጭራው ሲሳብ በሚጠብ የክር ቀለበት) 6 ነጠላ (አጭሩን መሠረታዊ ስፌት) ጀምሬ በየዙሩ 6 እየጨመርኩ 36 ላይ ካደረስኩ በኋላ ሳልጨምር ቀጠልኩ።

በሙከራ ስሞላው ነጩ መሙያ በየቀዳዳው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። 8ኛው ዙር ላይ ስቆጥር 36 መሆን ሲገባው 33 ሆነ። አናቱም ከላይ ሲያዩት ክብ ሳይሆን ስድስት ማዕዘን ነው። እግሩን ደግሞ 20 ሰንሰለት ሠርቼ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ አንድ ነጠላ እየሠራሁ ብመለስ እንደ ጥብጣብ ቀጥ ብሎ ቀረ። አሻንጉሊቱ ለሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ከኋላ የሚቆለፈው የፕላስቲክ ዓይን ይሆናል? ፈትቼ ልጀምር ወይስ የሚድን ነገር አለ?

ባለዳንቴሏ፦

እህቴ፣ ፍቺው። እስካሁን የሠራሽው 200 ስፌት እንኳ አይሞላም፤ በተሳሳተ ኪሮሽ የተሠራ ጭንቅላት ደግሞ በኋላ በምንም አይጠገንም።

መጠቅለያው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለልብስ ነው። ልብስ መላላትና መለመጥ አለበት። አሻንጉሊት ግን ከውስጥ በመሙያ እየተገፋ ስለሚኖር ሥራው ጥቅጥቅ ማለት አለበት። ስለዚህ ከተጻፈው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ በይ፤ ባንቺ ክር 2.5 ወይም 3 ማለት ነው። እጅሽ ላላ የሚል ከሆነ 2.5፣ ክር አጥብቀሽ የምትይዢ ከሆነ 3። ከመቀጠልሽ በፊት ሦስትና አራት ዙር ሠርተሽ ጣትሽን ከውስጥ አድርገሽ ወጠር አድርጊው። በስፌቶቹ መካከል ጣትሽ ከታየ መሙያውም ይታያል። ኪሮሹ ገና ከትልቅ ትግል በኋላ የሚገባ ከሆነ ደግሞ አልፈሽ አጥብቀሻል፤ እንደዚያ ስትሠሪ ክሩን እየሰነጠቅሽው ነው የምትሄጂው።

ክሩን የምትስቢበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። ኪሮሹን ካስገባሽ በኋላ ክሩን በኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ ከመሳብ ይልቅ ኪሮሹን ከክሩ በላይ አሳልፈሽ ከላይ ወደ ታች ንጠቂው። ሁለተኛው መሳብ እንደተለመደው ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ስፌት የመስቀል ቅርጽ ይኖረዋል፤ ከተለመደው የ«V» ቅርጽ አጠር ጠበቅ ያለ ነው፣ ወደ ጎን መዝመሙም ይቀንሳል። አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻ በሱ ሂጂ። ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ ከሠራሽ በዙሩ መሃል መስመር ይታይብሻል።

ደግሞ የትኛውን ፊት ወደ ውጭ እንዳወጣሽ እይ። ንጹሑ ፊት በተርታ የተደረደሩ ስፌቶች የሚታዩበት ነው። ትንንሽ አግድም ሰረዞች የሚታዩበት የውስጡ ገጽ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ዙሩን ከወዲያኛው ጠርዝ እየሠራ ሳያውቀው ገልብጦት ይገኛል።

ዙር በዙር፦

ባለዳንቴሏ እንዳሉት ነው። እኔ ወደ ቁጥሩ ልምጣ።

33 የሚለው ራሱ ብዙ ይናገራል። 5ኛው ዙር 30 ነው፣ 6ኛው 6 ጭማሪ (በአንድ ቀዳዳ ሁለት ስፌት) አለው። 33 ከሆነብሽ በጣም የሚያጠራጥረው 6ኛው ዙር ላይ ሦስት ጭማሪ ረስተሽ ማለፍሽ ነው፤ 7ኛውና 8ኛው ስለማይጨምሩ ስህተቱን ተሸክመውት ሄዱ። ለማረጋገጥ 6ኛውን ዙር ተከትለሽ ከአንድ ቀዳዳ የወጡ ጥንዶችን ቁጠሪ፤ ስድስት መሆን አለባቸው። ጥንዶቹ ሙሉ ከሆኑ ስፌት ዘለሻል። የሚዘለለውም ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፦ ከጭማሪ ቀጥሎ ያለው ስፌት (ጥንዱ ስለሚገፋው ይደበቃል) እና የዙር መነሻ ምልክቱን ካነሳሽ በኋላ ያለው የዙሩ የመጀመሪያ ስፌት። ዙሩ ሳይዘጋ እንደ ጥምዝ ስለሚቀጥል የት እንደተጀመረ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ሌላ ቀለም ክር ቁራጭ በየዙሩ የመጀመሪያ ስፌት ላይ አስገቢ፣ እየቆጠርሽም ዝጊ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለኪሮሽም ይሠራል።

ስድስት ማዕዘኑ የሚመጣው ጭማሪዎቹ በየዙሩ አንዱ በሌላው አናት ላይ ስለሚያርፉ ነው። መፍትሔው በየሁለት ዙሩ ቦታቸውን ማዛወር ነው። እኔ የምከተለው ይኸው፤ ሁሉም በነጠላ ነው፦

1ኛ ዙር፦ በመነሻ ቀለበት 6።
2ኛ፦ በእያንዳንዱ ጭማሪ፣ 12።
3ኛ፦ 1 ነጠላ፣ ጭማሪ፤ 6 ጊዜ፣ 18።
4ኛ፦ 1 ነጠላ፣ ጭማሪ፣ 1 ነጠላ፤ 6 ጊዜ፣ 24።
5ኛ፦ 3 ነጠላ፣ ጭማሪ፤ 6 ጊዜ፣ 30።
6ኛ፦ 2 ነጠላ፣ ጭማሪ፣ 2 ነጠላ፤ 6 ጊዜ፣ 36።
ከ7ኛ እስከ 12ኛ፦ ሳይጨምሩ 36።
13ኛ፦ 4 ነጠላ፣ ቅነሳ (ሁለት ስፌትን አንድ ማድረግ)፤ 6 ጊዜ፣ 30።
14ኛ፦ 3 ነጠላ፣ ቅነሳ፤ 6 ጊዜ፣ 24።
15ኛ፦ 24።
16ኛ፦ 1 ነጠላ፣ ቅነሳ፤ 8 ጊዜ፣ 16።

16 ላይ የማቆመው ለስምንት እግር ሁለት ሁለት ስፌት እንዲደርስ ነው። ክሩን አትቁረጪ። ጭንቅላቱ በ2.5 ኪሮሽ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይወጣዋል፤ 50 ግራም ክር ለሁሉም በቅቶ ይተርፋል።

ቅነሳው ቀዳዳ እንዳይተው ሁለቱን ስፌት በሙሉ አትያዣቸው። እያንዳንዱ ስፌት አናቱ ላይ ሁለት ክር አለው። ከመጀመሪያው ስፌት የፊተኛውን ክር ብቻ፣ ክር ሳትስቢ ወዲያው ከሁለተኛውም የፊተኛውን ብቻ ያዢ። ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክር ስበሽ በሁለቱ አሳልፊ፣ እንደገና ስበሽ በቀሩት ሁለት አሳልፊ። ከነጠላ ስፌት የማይለይ ይሆናል።

ሰማያዊት፦

አመሰግናለሁ። ፈትቼ በ2.5 ጀምሬዋለሁ፣ ልዩነቱ ከ4ኛው ዙር ጀምሮ ይታያል። እግሩስ? ያገኘሁት የእንግሊዝኛ ንድፍ እግሩን «ደብል ክሮሼት» ይላል፤ ሞከርኩት፣ እግሩ ሰፊና ልል ሆነ። እግሮቹን ለብቻ ሠርቶ መስፋት ነው ወይስ ከጭንቅላቱ ጋር?

ጥምዝምዝ፦

ስለ ንድፉ፦ አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼት የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ክሮሼት ይሉታል። ንድፉ ውስጥ ሲንግል ክሮሼት የሚል ቃል አንድም ቦታ ከሌለ በእንግሊዞቹ አጠራር የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ደብል ያለው ያው የኛ ነጠላ ነው። ሰፊና ልል የሆነብሽ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መጠቀለሉ የሚመጣው ከትርፍ ነው። ሰንሰለቱ 20 ቦታ አለው። አንቺ 20 ስፌት ስታስቀምጪበት ሁለቱ ጠርዝ እኩል ስለሆነ ቀጥ ይላል። 40 ወይም 60 ስታስቀምጪበት ግን የውጩ ጠርዝ ከሰንሰለቱ እጅግ ይረዝማል፤ መሄጃ ስለሚያጣ ይጠመዘዛል። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ነጠላ ላላ ያለ ጥምዝ ይሰጣል፣ ሦስት ደግሞ እንደ ቡሽ መክፈቻ ድርቅ ያለ። ለዚህ መጠን ጭንቅላት እኔ ሁለቱን እመርጣለሁ፤ ሦስት ሲሆን ስምንቱ እግር ተጨናንቆ ጭንቅላቱን ከታች ያነሣዋል፣ አሻንጉሊቱም አይቀመጥም።

አሠራሩ፦ ከ16ኛው ዙር ቀጥለሽ የሚቀጥለውን ስፌት የፊተኛውን ክር ብቻ ይዘሽ በተንሸራታች ስፌት (የሳብሽውን ክር ወዲያው በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት የምታሳልፊበት) ግቢ። 21 ሰንሰለት ሥሪ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ጀምረሽ በ20ዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ነጠላ እየሠራሽ ተመለሺ። የተነሣሽበት ስፌት ላይ በተንሸራታች ዝጊ፣ የሚቀጥለውንም በፊተኛው ክሩ በተንሸራታች እለፊው። ይህ አንድ እግር ነው፤ 8 ጊዜ ስትደግሚ 16ቱ ስፌት ያልቃል። አንድ እግር 21 ሰንሰለትና 40 ነጠላ ነው፤ ስምንቱ ሲደመሩ ከጭንቅላቱ ይበልጣሉና ትዕግሥትሽን ለዚያ አስቀምጪ።

የፊተኛውን ክር ብቻ ያልኩሽ የኋለኛው ክር ለመዝጊያ ነፃ እንዲቀር ነው። እግሮቹ ሲያልቁ ጭንቅላቱን ሙዪ። ክር በኋለኛዎቹ ክሮች ላይ አስገብተሽ 8 ቅነሳ ሥሪ፤ እዚህ የፊተኛው ክር በእግሮቹ ስለተያዘ ቅነሳው በኋለኞቹ ነው። 8 ይቀራል። ክሩን ቆርጠሽ በወፍራም መርፌ በ8ቱ አናት አዙረሽ ሳቢ፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ ጭራውን ወደ ውስጥ ቅበሪ። ለብቻ ተሠርተው የተሰፉ እግሮችም ይሆናሉ፣ ግን ሕፃን የሚጎትተው ነገር ላይ መጀመሪያ የሚለቀው የተሰፋው ነው።

ሰንሰለቱን አታጥብቂ። በጠባብ ሰንሰለት ላይ ሁለት ስፌት ማስገባት ስለማይቻል ሰው ሳያውቀው አንዳንዱን ይዘላል፣ እግሩም እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። ካስፈለገ ሰንሰለቱን ብቻ በ3 ወይም በ3.5 ኪሮሽ ሥሪው።

አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ቢጠመዘዝ አትደንግጪ። በጣትሽ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሪ። ጥጥ ስለሆነ አርጥበሽ እርሳስ ላይ ጠምጥመሽ ብታደርቂው ቅርጹን ይይዛል። ክሩ አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ ከሩቅ እንፋሎት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ካውያ ካረፈበት ክሩ ቀልጦ ሙልጭ ይላል፣ አይመለስምም።

ባለዳንቴሏ፦

ጥምዝምዝ በደንብ አስረዳ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልስማማም። 8 ላይ ጠቅልሎ መዝጋት ከታች ሾጠጥ ያደርገዋል። ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ለብቻው ትንሽ ክብ ሥሪ፦ 6፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 2 ነጠላና ጭማሪ 4 ጊዜ፣ 16 ይሆናል። ይህን ክብ ስፌት ለስፌት ከኋለኞቹ 16 ክሮች ጋር ስፊው፤ ሦስት አራተኛው ሲሰፋ መሙያውን አስገቢና ጨርሺው። ሥራው ትንሽ ይጨምራል፣ አሻንጉሊቱ ግን መደርደሪያ ላይ አይንከባለልም።

ዙር በዙር፦

ለዚያ ልጅ የክቡ መዝጊያ ይሻላል፣ እስማማለሁ።

ዓይኑን በተመለከተ፦ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የፕላስቲክ ዓይን ይቅር። ቁልፉ አይለቅም ይባላል፤ እውነትም ዓይኑ ከቁልፉ አይላቀቅም፣ ነገር ግን ኪሮሽ ራሱ የሚለጠጥ ቀዳዳ ነው፤ ልጅ ሲያኝከውና ሲጎትተው ከነቁልፉ ሊሾልክ ይችላል። በጥቁር ክር ጥለፊው። ጊዜው ከ12ኛው ዙር በኋላ፣ ከ13ኛው በፊት ነው፤ እጅሽ ከውስጥ ይገባል፣ ቋጠሮውም ከውስጥ ይቀራል። ቦታው በ10ኛና በ11ኛ ዙር መካከል፣ በሁለቱ ዓይን መሃል 7 ስፌት ያህል። ዝቅና ራቅ ያለ ዓይን ፊቱን የሕፃን ያስመስለዋል፤ ከፍ ካደረግሽው ትልቅ ሰው ይሆንብሻል። ልኩን ግን ምልክት ካደረግሽበት የዙር መነሻ አትውሰጂ፤ በጥምዝ ሲሠራ የዙሩ መነሻ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይዘማል። መጀመሪያ በጊዜያዊነት ሞልተሽ በሁለት ስፒል ለኪ፣ ቦታውን በክር ምልክት አድርጊ፣ ስፒሎቹን ቆጥረሽ አውጪ፣ መሙያውንም አውጥተሽ ጥለፊ።

ለመሙያ የፖሊስተር ፋይበር ተጠቀሚ። በአንድ ጊዜ ዱልዱም አድርገሽ ከጨመርሽው ጉብጉብ ይወጣዋል፤ እያፈታታሽ በትንሽ በትንሹ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ከዚያ መሃሉን። ጥራጥሬ ለክብደት የሚጨምሩ አሉ፤ ሲታጠብ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይጠራል።

ሰማያዊት፦

የእግሩ ርዝመት ለልጅ ገደብ አለው?

ጥምዝምዝ፦

ከ2013 ጀምሮ ዴንማርክ ውስጥ ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት ኦክቶፐስ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች የሚከተሉት ደንብ አለ፦ ክሩ ሙሉ በሙሉ ጥጥ፣ በ60 ዲግሪ የሚታጠብ፣ እግሩ ተዘርግቶ ከ22 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። ያንቺ 20 ሰንሰለት በ2.5 ኪሮሽ ተዘርግቶ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በ3.5 ብትሠሪውም ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ከገደቡ በጣም በታች ነሽ። የእግሩን መጠምዘዝ በእጅ ጎትተሽ ዘርግተሽ ለኪ እንጂ ተጠቅልሎ እንዳለ አትለኪው። የመነሻ ቀለበቱንም ጭራ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መልሰሽ በመርፌ ቅበሪው፤ በአጭሩ ከቆረጥሽው በመታጠብ ብዛት አናቱ ይከፈታል።