ለእናቴ ቅቤውን ልተውላት ወይስ በማርጋሪን ልተካው?

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ እናቴም ከኔ ጋር ናት። 61 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት። ባለፈው ሳምንት ደሟን ስትመረመር ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ተባለች። "ቅቤ ቀንሺ" አሏትና ወጣን፣ በምን እንደምንተካው ግን የነገረን የለም።

እኛ ቤት ደግሞ ቅቤ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አክስቴ ከፍቼ በኮባ ጠቅልላ ትልክልናለች፣ እናቴ ራሷ ናት የምታነጥረው፣ ኮሰረቱን ኮረሪማውን አብሹን ጨምራ፣ ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ሽሮውም ፍርፍሩም ያለሱ አይሆንላትም።

ታች ያለው ባለሱቅ "ይሄ ከአትክልት ነው፣ ኮሌስትሮል የሚባል የለውም" ብሎ አንድ ጣሳ ማርጋሪን ሰጠኝ። በሱ ሽሮ ሠራሁላት። ሁለት ጉርሻ ጎረሰችና "ልጄ፣ ይሄ ሻማ ሻማ ይላል" ብላ ተወችው። ጣዕሙን እንኳ ትለምደው ነበር። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ለጤናዋ ብዬ የባሰ ነገር እየሰጠኋት ቢሆንስ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዳቦ ጋጋሪው፣ ሰበታ
እህቴ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ 11 ዓመት ዳቦና ኬክ ስጋግር ኖሬያለሁ፣ ማርጋሪን በካርቶን ነው የምናስመጣው። ስለጤና ብዙ አላውቅም፣ ስለዕቃው ግን ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ ምድጃው ጎን ተቀምጦ እንኳ ቶሎ አይፈስም፣ ጋጋሪ የሚወደውም ለዚያ ነው፣ ኬኩን ያቆምልሻል፣ በዋጋም ከቅቤ በጣም ይረክሳል። ግን አስቢው፣ ዘይት በተፈጥሮው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ የነበረ ነገር እንደ ሳሙና ጠጥሮ ከተቀመጠ አንድ ነገር ተደርጓል ማለት ነው። ወይ ሃይድሮጅን ተጨምሮበታል ወይ የሚረጋው የፓልም ዘይት በብዛት ገብቶበታል። ጣሳውን አዙሪና ከምን እንደተሠራ አንብቢ። እኔ ለቤቴ አልገዛውም።

ነርሷ፣ ለገጣፎ
ወንድሜ ጋጋሪው ዋናውን ነጥብ ነክቶታል። እኔ ልቀጥልበት፣ ትንሽ ይረዝማል።

ባለሱቁ አልዋሸም። ከዕፅዋት የተሠራ ቅባት ኮሌስትሮል የለውም። ግን ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ምግቡ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አይደለም፤ የሚረጋው ቅባት ነው። የፓልም ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፣ ሆኖም ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ዓይነት ነው። ስለዚህ "ኮሌስትሮል የለውም" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ከዚህ የባሰው ትራንስ ፋት የሚባለው ነው። ዘይት በከፊል ሃይድሮጅን ሲጨመርበት የሚፈጠር ቅባት ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ጥሩውንም ዝቅ ያደርጋል፣ ሁለት ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው። ዴንማርክ በ2003 እ.ኤ.አ. ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ወሰነች። አሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት ለምግብ ደህና ነው ሊባል አይችልም አለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. አገሮች ሁሉ ከምግብ እንዲያስወጡት ጠየቀ። ጣሳው ላይ "ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ" የሚል ካየሽ ለእናትሽ አትስጫት፣ በዚህ ላይ ምንም አላመነታም።

ታዲያ ቅቤው ነጻ ነው ወይ? አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ያህል የሚረጋ ቅባት አለው። ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ ደግሞ ይጨምራል፣ ንጥር ቅቤ ከሞላ ጎደል ቅባት ብቻ ነው። በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው ከ22 ግራም በላይ የሚረጋ ቅባት ባይወስድ ይመከራል። ሽሮው ላይ ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ ከገባ ሌላ ምንም ሳትበላ ኮታዋ አለቀ።

ሱፐርማርኬት የሚገኝ ለስላሳ ማርጋሪን አለ፣ በማንኪያ የሚዛቅ፣ ከሱፍ ወይም ከመሳሰለው ፈሳሽ ዘይት የተሠራና ትራንስ ፋት የሌለው። እሱን ከቅቤ ጋር ካወዳደርሽው ለልቧ እሱ ይሻላል። ከሰፈር ሱቅ የሚገኘው ጠጣሩ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ አይምታታብሽ።

እኔ ግን ሁለቱንም አስቀምጠሽ ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት ተጠቀሚ ነው የምልሽ። የሚረጋውን ቅባት ቀንሶ በእነዚህ መተካት መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል፤ ይሄ በደንብ የታወቀ ነው።

ጡረተኛው፣ አየር ጤና
ልጆቼ፣ ቅቤን እንዲህ ስታብጠለጥሉት አዘንኩ። አባቴ ቅቤ ሲበላ ኖሮ 90 አልፎ ነው ያረፈው። ቅቤ የገደለው ሰው በሰፈራችን አልሰማንም። እናንተ ከፋብሪካ የመጣውን አምናችሁ ከላም የመጣውን ትጠራጠራላችሁ። የእናትሽን ማዕድ አታቀዝቅዥባት ልጄ።

የሰላሌ ልጅ፣ ሱሉልታ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔም የማውቀውን ልናገር፣ ያደግሁት ቅቤ ከሚወጣበት ቤት ነው።

እናቴ እርጎውን አጠራቅማ ነበር የምትንጠው፣ ክንዷ እስኪዝል። የወጣውን ቅቤ ግን እኛ አልነበርንም የምንበላው። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ጨው፣ ጋዝና ደብተር ይገዛል። ለእኛ የሚቀረን አሬራውና አይቡ ነበር። ቅቤ በወጥ ውስጥ በደንብ የገባው ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ወይም እናቴ አራስ ስትሆን ነው። በዚያ ላይ ረቡዕ አለ፣ አርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ዓመቱ ሲደመር ግማሽ ያህሉ ያለ ቅቤ ያልፋል። አባቴም ቅቤ በላ ሲባል ይሄንን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ በእግሩ ነው። አሁን እኔ ሱሉልታ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፣ ብሩ ካለ ቅቤ በየቀኑ እገዛለሁ። ቅቤው ያው ቅቤ ነው፣ የተለወጠው አበላላችን ነው።

ሌላው ንጽህናው ነው። አክስትሽ ከፍቼ የምትልክልሽ ከሆነ ታድለሻል። ገበያ ላይ ሙዝ የተቀላቀለበት፣ የሚረጋ ዘይት የተደባለቀበት አጋጥሞኛል። ሙዙን ስታነጥሪው ታውቂዋለሽ፣ ከታች ዝቃጩ ይበዛል፣ ሽታውም ይመሰክራል። ዘይቱ ግን አብሮ ቀልጦ ጥርት ይላል፣ በዓይን አይለይም። እኔ አንድ ጊዜ ለጋ ነው ተብዬ ከፍ ባለ ዋጋ ገዝቼ ሳነጥረው የቅቤ ሽታ ጭራሽ አልነበረውም፣ እናቴ አሽትታው ዝም ብላ አስቀመጠችው። ከማታውቂው ሰው በርካሽ የተገኘ ቅቤ ማርጋሪኑን ራሱ በቅቤ ዋጋ መግዛት ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛው፣ አየር ጤና
የገበያውን ነገር እውነትህን ነው። እኛም ቤት ቅቤ የእንግዳ ነበር። ይሄን ረስቼው ነው።

የኮዬዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣሳውን አነበብኩት። መጀመሪያ የተጻፈው ፓልም ዘይት ነው። ዝቅ ብሎ ያ ነርሷ ያልሽው ቃል አለ፣ በጣም በደቃቅ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የወተት ዱቄት ይላል! እናቴ ረቡዕና አርብ ትጾማለች፣ ከአትክልት ነው ተብዬ አርብ ዕለት ልሠራላት ነበር። ይሄ በጣም አናደደኝ።

አሁን አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቅቤውን ጨርሼ ካቆምኩባት ምግብ ትተዋለች ብዬ ፈራሁ። በስንት ልወስንላት?

ነርሷ፣ ለገጣፎ
ጨርሰሽ አታቁሚባት፣ እንዲያ ያደረጉ ሰዎች ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳሉ። ቁሌቱን በኑግ ዘይት ሥሪው። ኮረሪማና ኮሰረት በዘይቱ ውስጥ ትንሽ ሲሞቁ የሚናፍቃት ሽታ ግማሹ ከዚያ ይመጣል፣ የጾም ቀንም ይሄው ይሆንላታል። በፍስክ ቀን ወጡ ሊወርድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከላይ ጣል አድርጊበት። መጀመሪያ ላይ አብሮ ሲቁላላ ሽታው ይተናል፣ ለዚያ ነው ብዙ የሚጠይቀው። መጨረሻ ላይ ሲገባ ግን ትንሹም ይሸታታል። በእጅሽ አትገምቺ፣ በማንኪያ ለኪው።

ጨውንም ቀንሺ፣ ግፊት አለባት ብለሻል። ከሦስት ወር በኋላ ደሟን እንደገና አስመርምሪያት፣ መድኃኒት ያስፈልጋታል ካሉ ደግሞ ምግቡ ይበቃል ብለሽ አታስቀሪባት።

የኮዬዋ
እሺ እህቴ። ዛሬ እንዳልሽው ሠራሁት። ሰሃኑን ጨርሳ "ቅቤው የፍቼ ነው አይደል?" አለችኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር።