እንቅስቃሴን የሚከተል የሱሪ ማንገቻ፦ ላስቲኩ የት ይግባ? ስንት ይሁን? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ6 ሚዜዎች የሱፍ ሱሪ ከነማንገቻው እየሰፋሁ ነው፤ ብዙ ሰው ሰስፔንደር የሚለውን ማለቴ ነው። ሁለት ናሙና ሠርቼ ሁለቱም አልሆኑም።

የመጀመሪያው ከማይሳብ ሪባን ነው፤ ከኋላ ብቻ 8 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አለው፣ ጫፉ የብረት መቆንጠጫ ነው። ለባሹ ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ እየተጎተተ በእግሩ መሃል ይይዘዋል፤ ትንሽ ዝቅ ካለ መቆንጠጫው ተፈናጥሮ ይወጣል። ሁለተኛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ35 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ሠራሁት። መጎንበሱ ተስተካከለ፤ ግን ሲራመድ ሱሪው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እስክስታ ሲወርድ ማንገቻው ከትከሻው ይንሸራተታል። ተቀምጦ ሲነሳ ደግሞ ከፊት ወደ ላይ እንደተሳበ ይቀራል፤ በእጅ ካላወረዱት አይመለስም።

እጅ ሳይነካው ከሰውነት ጋር የሚረዝምና የሚያጥር ማንገቻ እፈልጋለሁ። ላስቲኩ የት ቦታ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚገባ በቁጥር ንገሩኝ።

መልስ፦ ባለሜትሩ

እህቴ፣ ላስቲክ ከመቁረጥሽ በፊት ለባሹን በሦስት አኳኋን ለኪው፦ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ ሲነካ። በእያንዳንዱ ሁለት ልክ ውሰጂ። አንዱ ከትከሻው አናት በፊት በኩል እስከ ፊት ቁልፍ፣ ሌላው ከትከሻው አናት በኋላ በኩል እስከ ኋላ ቁልፍ። የትከሻውን አናት ሸሚዙ ላይ በጠመኔ አስምሪበት፤ ካለዚያ በየልኩ ሌላ ቦታ ትይዢና ቁጥሩ አያገለግልሽም።

ጀርባ ሲጎነበሱ ይረዝማል። ሐኪሞችም የአከርካሪን መተጣጠፍ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ ታች ያለው ልክ በጤነኛ አዋቂ ሰው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ፊት ግን በተቃራኒው ያጥራል። የመጀመሪያው ናሙናሽ ለምን እንደተፈናጠረ ከዚህ ታያለሽ፦ 8 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ 18 ሁን ተብሏል። ከእጥፍ በላይ ነው፤ አብዛኛው የወገብ ላስቲክ እዚያ ሳይደርስ እንደ ሪባን ደርቆ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሸነፈው መቆንጠጫው ነው።

ስለዚህ የፊትና የኋላ ላስቲክ በፍጹም እኩል መሆን የለበትም። ኋላ ለ10 ሳንቲ ሜትር፣ ፊት ለጥቂት።

መልስ፦ ዚግዛግ

ባለሜትሩ ባለው ላይ የላስቲኩን ርዝመት ላስላልሽ። ሁሉም ላስቲክ አንድ ስላልሆነ የገዛሽውን ራሱን ፈትኚው። ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሙይው፤ 1 ኪሎ ማለት ነው። ላስቲኩ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ምልክት አድርጊ፣ ከምስማር ላይ አንጠልጥይና ውሃውን እሰሪበት። በምልክቶቹ መካከል ያለው ስንት ሆነ?

ከ10 ወደ 14 ሄደ እንበል። ያ ላስቲክ በ1 ኪሎ 4 ሳንቲ ሜትር ይሳባል። ያው ላስቲክ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ቢሆን በ1 ኪሎ 12 ይሳባል። ላስቲክ በረዘመ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ጉልበቱ ሲበዛበት ቀጭን ላስቲክ ይፈልጋል፣ መድኃኒቱ ግን ያንኑ ማስረዘም ነው።

የሱፍ ሱሪ ስልክና ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተጨምሮ ከ1 ኪሎ ብዙም አይርቅም። አራት የማንገቻ ጫፍ አለ፤ እያንዳንዱ ሲቆሙ 400 ግራም ያህል ውጥረት ቢኖረው ሱሪው ሳይቆነጥጥ ይያዛል። በ30 ሳንቲ ሜትር የኋላ ላስቲክ 400 ግራም ማለት 5 ሳንቲ ሜትር መሳብ ነው፤ ቆሞ ሲለካ 35 ይሆናል። ሲጎነበስ 10 ይጨመርና 45 ይሆናል፤ ውጥረቱ ወደ 1.2 ኪሎ ይወጣል። ይሰማዋል እንጂ አያስቸግረውም። መሳቡም ከርዝመቱ ግማሽ ነው፣ ላስቲኩ ገና ትርፍ አለው።

ለፊት 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለተኛው ናሙናሽ የዘለለው ሙሉው ላስቲክ ስለሆነ ነው። በዚያ ልስላሴ የተንጠለጠለ 1 ኪሎ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሰው እርምጃም በሰከንድ 2 ገደማ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እያንዳንዱ እርምጃ ሱሪውን ይገፋዋል። የፊቱን ስታሳጥሪው ይህ ይጠፋል።

ሲገዙ የተሸመነውን እንጂ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነውን አይውሰዱ፤ የተጎነጎነው ሲሳብ ይጠባል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። ስፌቱን በዚግዛግ፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ 14 ቁጥር መርፌ። ሹል መርፌ ውስጡን ጎማ ይወጋዋል፤ ላስቲኩ ከስፌቱ አጠገብ መላላት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ካውያ ጭራሽ አታስነኪው።

መልስ፦ ሚዜ አልባሽ

ለእስክስታው እኔ የምመክረው ማንገቻው ትከሻ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ የሚይዝ ነገር መስፋት ነው፤ የጎማ ክር ያለበት ጥብጣብ ወይም ሻካራ ጨርቅ። ትከሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመታ ለስላሳ ሪባን ሸሚዝ ላይ አይቆምም።

መገናኛውንም ወደ ላይ አውጪው። ኋላ ላይ ሁለቱ ማንገቻዎች የሚተላለፉበት ቦታ ወገብ አካባቢ ከሆነ ትከሻ ላይ ሲደርሱ ወደ ክንድ ተራርቀው ነው የሚያርፉት። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል፣ ከትከሻ አናት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይተላለፉ፤ ያኔ ወደ አንገት ይጠጋሉ።

መልስ፦ ጠመኔ

ሚዜ አልባሽ ስለ መገናኛው ያለው ልክ ነው። በሚይዘው ጨርቅ ግን አልስማማም፤ ሰፊዋ ሦስተኛ ያለችውን ችግር የሚያብሰው እሱ ነው።

ማንገቻ ትከሻን በግማሽ ክብ ይዞራል። በእንዲህ ያለ ዙር ላይ ሰበቃ፣ ማለትም ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ የሚይዘው ኃይል፣ ይባዛል እንጂ አይደመርም። የሪባንና የጥጥ ሸሚዝ ሰበቃ 0.4 ቢሆን፣ ማንገቻው ወደ አንድ ወገን እንዲንሸራተት የዚያ ወገን ውጥረት የሌላውን 3.5 እጥፍ መሆን አለበት። ይህን በወንበሩ አስቢው። ሰውየው ሲቀመጥ ፊቱ ያጥራል፣ የፊት ማንገቻ ይላላል። ውጥረቱ ዜሮ ሲደርስ 3.5 እጥፍ የሚባል ነገር የለም፤ የኋላው ላስቲክ ማንገቻውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ሲነሳ ደግሞ ፊቱ መልሶ መጎተት አለበት፣ አሁን ግን ሰበቃው ይከለክለዋል። ሱሪው ከፊት ተሰቅሎ የሚቀረው ለዚህ ነው።

በዚግዛግ ላስቲኮች፣ ማለትም ኋላ 30 ፊት 10፣ ሳሰላው በ0.4 ሰበቃ ማንገቻው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይቀራል። ሰበቃው ወደ 0.2 ቢወርድ የሚያስፈልገው 1.9 እጥፍ ብቻ ነው፤ የሚቀረውም ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን 25 ሳንቲ ሜትር ከሥሩ በሳቲን ገበር አልብሺው። የሚይዘው ጎማ ከገባ ግን በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ሸሚዙን ራሱን ከሱሪው እየመዘዘ ያወጣዋል።

ወደ ጎን መንሸራተቱን የሚከለክለው የመገናኛው ከፍታ ነው።

መልስ፦ ሚዜ አልባሽ

እሺ፣ የመነሳቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ሳቲኑ ይሁን። አንድ ነገር ግን ጨምሪ፦ የፊት ቁልፎቹን ወደ ጎን አታብዢያቸው። የመጀመሪያው በሱሪው የካውያ መስመር ላይ ይዋል፣ ሁለተኛው ከሱ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን። ከዚያ ካለፈ ማንገቻው ደረት ላይ ወደ ክንድ ይከፈታል፤ መገናኛውን የቱንም ያህል ብታወጪው ይወርዳል።

መልስ፦ ቁልፍና ክር

ስለ መገናኛው ማንም ያላነሳው አንድ ስህተት አለ። ሁለቱን ማንገቻዎች በሚተላለፉበት ቦታ አንድ ላይ እንዳትሰፊያቸው። ከተሰፉ ላስቲኩ ለሁለት ይቆረጣል፤ ከመገናኛው በታች ያለው ብቻ ይሠራል፣ ዚግዛግ ያሰላው 30 ሳንቲ ሜትርም 20 እንኳን አይሞላም። ባለ አራት ማዕዘን የቆዳ ቁራጭ፣ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ቅጠል አድርጊና እንደ ኪስ ሥሪው። አንዱ ማንገቻ ላይ ብቻ በአንድ መስመር አሲዢው፣ ሌላው በመሃሉ በነፃ ይለፍ። አንዱን ትከሻ ብቻ ከፍ ሲያደርግ፣ እስክስታ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፣ ያኛው ሳይጎተት ይኼኛው ብቻ ይረዝማል።

መቆንጠጫውን ተይው። ሱፍ ለስላሳ ነው፣ የመቆንጠጫው ጥርስ ደግሞ የሚይዘው ወደ ላይ ሲጎተት ነው፤ ሲጎነበስ ኃይሉ ወደ ውጭ ስለሚዞር ጥርሱ ይላቀቃል። በቁልፍ አድርጊው፤ ለአንድ ሱሪ 6፣ ፊት 4 ኋላ 2። የኋላዎቹ ከመሃል ስፌቱ ግራና ቀኝ 3 ሳንቲ ሜትር ይራቁ። 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ይመረጣል። ሲሰፋ ክብሪት እንጨት ከቁልፉ በላይ አስገቢ፣ ከዚያ አውጥተሽ ክሩን ከሥር ጠምጥሚው፤ የ3 ሚሊ ሜትር አንገት ይኖረዋል። አንገት ከሌለው ቆዳው አይገባም፣ በግድ ከገባም ጨርቁን ይሸበሽበዋል። ከውስጥ በኩል ትንሽ ቁልፍ አብረሽ ስፊበት፣ ካለዚያ ክሩ ሱፉን ይቀደዋል።

አሁን ወደ ፊት ጫፎቹ። በአንድ ወገን ሁለት ቁልፍ ሲኖር በቆዳ ሹካ ካገናኘሻቸው፣ እግሩን አንስቶ ደረጃ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ባንዱ ቁልፍ ላይ ይወድቃል፣ የሱሪው ወገብም እዚያ ጋ ይጣመማል። ከሹካው ይልቅ የብረት ቀለበት አድርጊ፤ በቀለበቱ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የናይለን ገመድ አሳልፊ፣ በሁለቱ ጫፍ ቁልፍ ቀዳዳ ያለው ቆዳ ስፊ። ገመዱ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ክብደቱን ያካፍላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሸርሊ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ፕሬዚደንት የተባለ ማንገቻ በዚሁ በሚንሸራተት ገመድ ነበር የሚታወቀው። ቀለበቱ ያለ ብየዳ ጠባሳ ልሙጥ ይሁን፤ ጣትሽን አሽከርክሪበት፣ የሚቧጥጥሽ ነገር ካለ ገመዱንም በጥቂት ወር ያበጥሰዋል።

ማስተካከያ ዘለበቱን ከዚህ ጋር አታምታቺ። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በሳሙኤል ክሌመንስ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓተንት ያወጣበት የልብስ ማሰሪያ ርዝመቱ በእጅ የሚስተካከል ዓይነት ነው። አንቺም ዘለበት ያስፈልግሻል፣ ግን ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ሰውየው ቆሞ ሳለ የኋላ ላስቲኩ 35 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ ማጥበቅ። ከዚያ በኋላ አይነካም።

የሱሪውንም ወገብ ከልኩ 2 ሳንቲ ሜትር አስፊው። ወገቡ ከጠበቀ ሱሪው ሰውነቱ ላይ ይጣበቃል፤ ማንገቻው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚሳበውና የሚመለሰው ነገር የለውም። ቀበቶም አይታሰርበት።

ሰፊዋ

እግዜር ይስጥልኝ። የኋላው ላስቲክ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ለ6 ሰው ስንት ስንት ልግዛ? መርካቶ ሁለቴ መመላለስ አልፈልግም። ሠርቼ ስጨርስስ መስተካከሉን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ዚግዛግ

ላስቲክ በእያንዳንዱ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ጨምሪ። ኋላ 34 ሁለት፣ ፊት 14 ሁለት፤ ለአንድ ሰው 96 ሳንቲ ሜትር። ለ6ቱ 5.76 ሜትር ነው፣ 6 ሜትር ግዢ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ያንን የውሃ ፈተና አድርጊ፤ ያንቺ ላስቲክ በ1 ኪሎ 4 ሳይሆን 3 ብቻ ከተሳበ፣ ለተመሳሳይ ልስላሴ 40 ሳንቲ ሜትር ያስፈልግሻል፣ ያ ደግሞ ጀርባ ላይ ቦታ አያገኝም። ያኔ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ውሰጂ።

ሪባን ለአንድ ማንገቻ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ዘለበቱ ላይ የሚታጠፈው ተቆጥሮ። ለ12 ማንገቻ 7.2 ሜትር ነው፤ ረጅም ሰው ካለባቸው 8 አድርጊው። ሳቲን ግማሽ ሜትር ይበቃል። ገመድ 20 ሳንቲ ሜትር በ12፣ 2.4 ሜትር፤ 3 ሜትር ይሁን። ጫፉን በክብሪት አቅልጪው፣ ናይለን ነውና ይተረተራል። ቀለበት 12፣ ዘለበት 12፣ ቁልፍ 36 እና መጠባበቂያ 6። ከውስጥ የሚሰፋው ትንሽ ቁልፍም 36። ቆዳ ከጫማ ሠሪ ቁርጥራጭ ታገኚያለሽ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር የወፈረ አትውሰጂ፣ ቁልፉ አያልፍበትም።

መልስ፦ ባለሜትሩ

ለፈተናው መጀመሪያ አንዱን ብቻ ጨርሺ፤ ስድስቱን አንድ ላይ አትቁረጪ። ሰውየው ቆሞ ሳለ የሱሪው ወገብ በሚያርፍበት ሸሚዙ ላይ ፊትም ኋላም በጠመኔ መስመር ጣዪ። ከዚያ 10 ጊዜ ይቀመጥና ይነሳ፣ 5 ጊዜ ጫማውን ይንካ፣ አንድ እግሩን ወንበር ላይ ያውጣ፣ ሁለቱን እጆች ወደ ላይ ይዘርጋ፣ 2 ደቂቃ እስክስታ ይውረድ። እጁን ማንገቻው ላይ እንዳያሳርፍ ንገሪው፣ ሰው ሳያውቀው ያስተካክላል።

ወገቡ ከመስመሩ 1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከተመለሰ ጨርሰሻል። ፊቱ ተሰቅሎ ከቀረ ሳቲኑ ጠቧል ወይም ሪባኑ ከሸሚዙ ጋር በቀጥታ የሚነካካበት ቦታ አለ። ኋላው ከወረደ ዘለበቱ ላልቷል። አንዱ ጎን ብቻ ከተሰቀለ መገናኛውን እዪ፤ በነፃ ማለፍ የነበረበት ማንገቻ ቆዳው ውስጥ ታጥፎ ተይዟል።